ዋሽንቱ ሲነፋ የሚመጣው ሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ከአንድ ዐይነ ስውር የቅኔ መምህር አጠገብ ተቀመጥሁ። ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው የጠመጠሙ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆሙ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ አዛውንት ናቸው። የሚመራቸው ተማሪ ከኋላችን ተቀምጦ ገና ሉማሜ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ረዳቱ ከሾፌሩ በስተኋላ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ከፈተና አንድ የአማርኛ ፊልም ጀመረ።

የፊልሙን ስም አልጠቅስም። አንዱን ለይቼ ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው፤ ታሪኩንም ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ከገጠር ወጥቶ ከተማ ይገባል፣ ይከብራል፣ ወላጆቹን ይረሳል። እናት በናፍቆት ትታመማለች። አባት ዐይነ ስውር ነው፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የልጁን ኮቴ ይጠብቃል።

የኔታ ፊልሙን በጆሯቸው ይከታተሉ ነበር። አልፎ አልፎ "አሁን ከተማ ነው?"፣ "ይህች ሚስቱ ናት?" እያሉ ይጠይቁኛል እንጂ አብዛኛውን ሳልነግራቸው ደርሰውበታል። መኪናው ጠመዝማዛውን እየዞረ፣ የበረሃው ሙቀት ከታች ሽቅብ ሲመጣብን፣ ወደ እኔ ዘንበል አሉና፦

"ልጄ፣ ይህ ዋሽንት በተነፋ ቁጥር የሚመጣው ሰው ማን ነው?" አሉኝ።

"አባትየው ናቸው፣ የኔታ። ዐይነ ስውር ናቸው።"

ጥቂት አዳመጡ። በፊልሙ ውስጥ አባትየው ከደጃፉ ተነሥቶ ወደ ጓሮ እየሄደ ነበር። በትሩ ጠጠሩን ሲመታ ይሰማል።

"አይደለም" አሉ።

"እንዴት የኔታ?"

"በትሩን ስሚው። እግሩ ካረፈ በኋላ ነው በትሩን የሚጥለው። የሚረግጠውን አስቀድሞ አይቶታል። እኔ ስሄድ በትሬ ይቀድማል፤ ይጠይቅልኛል። መልሱን ካገኘሁ በኋላ ነው እግሬ የሚከተለው።"

ዐይኔን ጨፍኜ ለመስማት ሞከርሁ። እውነታቸውን ነበር። መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ በትሩ፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ በትሩ። ተዋናዩ ጥሩ ተዋናይ ነው፤ ዐይኑን አንጋጦ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ እጁን ዘርግቶ ለሚያይ ሰው የሚበቃ ዕውርነት ሠርቷል። ለማያይ ሰው ግን አልበቃም። ከፊልሙ ሠሪዎች መካከል ይህን የሚሰማ አንድ ሰው እንኳን አልነበረም ማለት ነው።

ትንሽ ቆይተው እንደገና ጠየቁኝ። "አሁንስ ምን ያደርጋል?"

"ተቀምጠዋል።"

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ጀምረናል። "አሁንስ?"

"አሁንም ተቀምጠዋል፣ የኔታ።"

"ሥራው ምንድን ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ፊልሙ አልነገረንም። ልጁ ከመጥፋቱ በፊት ያ ሰው ምን ይሠራ እንደነበር፣ ቤቱ በምን እንደሚተዳደር፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ከማን ጋር እንደተቀያየመ አንድም ነገር አልተነገረም። የምናውቀው ዐይነ ስውር መሆኑን፣ አባት መሆኑንና መጠበቁን ብቻ ነው። ይህ "ሥራው ምንድን ነው?" የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ አብሮኝ ይኖራል። ፊልም ባየሁ ቁጥር ይነሣብኛል።

ሥራ የሌለው ሰው

የኔታ ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ጉዳይ ለማስፈጸም ነበር። የጉባኤ ቤታቸው ጣሪያ በክረምት አስቸግሯቸዋል፤ ቆርቆሮ እንሰጣለን ያሉ ሰዎች አሉና ቃላቸውን ሊያስጨርሱ ነው። ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ኪሎ ምስማር፣ ስንት ማገር እንደሚያስፈልግ በቃላቸው ይዘዋል። ተማሪዎቻቸውን ለረዳት መምህራቸው፣ ለአስነጋሪው፣ አደራ ብለው ነው የመጡት። እሱም ቢሆን "መወድሱን ጥሩ ይሰማል፣ ጉባኤ ቃናው ላይ ግን ይቸኩላል" ብለው በሁለቱ የቅኔ ዓይነቶች ያሙታል።

ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ዓይነት መምህር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ ስም በተነሣበት አገር፣ ዐይናቸው የማያይ የቅኔ መምህራን ብርቅ አይደሉም። ቅኔ የጆሮና የልብ ትምህርት ነው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ከጫካ ዳር ተቀምጦ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ የዋለውን ቅኔ ማታ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ አገባቡን፣ ቤቱን፣ ሰምና ወርቁን በጆሮው ብቻ ይመረምራል፤ የተሳተውን ያቃናል፣ የጣመውን "ይበል" ይላል። እዚያ ቦታ ላይ የመምህሩ ዐይን ማየት አለማየቱ ማንም የማያነሣው ጉዳይ ነው። ስለ ቁጣቸው ይወራል፣ ስለ ቅኔ መንገዳቸው ይወራል፣ ለማን እንደሚያደሉ ይወራል።

እንግዲህ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ፊልም ውስጥ ሲገባ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚወሰድበት ሥራው ነው። ቀጥሎ ቁጣው ይወሰዳል፤ የፊልም ዐይነ ስውር አይቆጣም፣ ያዝናል እንጂ። ከዚያ ፍላጎቱ ይወሰዳል። በመጨረሻ የቀረው ፊቱ ነው፤ ያንን ፊት ካሜራው ቀርቦ ያሳየናል፤ ዋሽንቱ ይነፋል፤ እኛም እናለቅሳለን።

ልቅሶውን አልጠላውም። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ይባላል፤ ሰው ለሰው ማልቀሱ መልካም ነው። ግን የምናለቅሰው ለማን ነው? ልብ ብላችሁ እዩ፤ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሚለወጠው ሰው ሁልጊዜ ልጁ ነው። ልጁ ይበድላል፣ ልጁ ይጸጸታል፣ ልጁ ይመለሳል። አባትየው ልጁ የሚጸጸትበት ምክንያት ብቻ ሆኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ወይ ይሞታል፣ ወይ ይመርቃል። አንዳንዴ እየመረቀ ይሞታል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነውንም አልወደውም። ዐይኑ የጠፋ ስለሆነ የተሰወረውን የሚያይ፣ በምሳሌ ብቻ የሚናገር፣ ዋናው ተዋናይ መንገድ ሲጠፋበት ብቅ ብሎ መንገድ የሚያሳይ አዛውንት አለ። ያም ሰው አይደለም። የኔታ ያን ቀን ከኔ ጋር ያወሩት ስለ ቆርቆሮ ዋጋ፣ ስለ ወገብ ሕመማቸውና ስለ አንድ የማይዋጥላቸው የአጥቢያ አስተዳዳሪ ነው።

እርግማንና እግር

ሌላው ነገር ከዚህ የከፋ ጉዳት ያለው ይመስለኛል። በፊልሞቻችን ክፉ የሠራ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የሰው ንብረት የቀማው፣ ወንድሙን የካደው፣ ሴቲቱን ያታለለው ሰው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል። ፍርዱ ደረሰ ማለት ነው። ደጉ ደግሞ በሠርጉ ዋዜማ ዐይኑ ይበራል ወይም ምርኩዙን ጥሎ ይነሣል። አካል ጉዳት ቅጣት፣ ፈውስ ደመወዝ ይሆናል።

ይህ ታሪክ ጎጃም መንደር ውስጥ ሲታይ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ደጋ በብዙ ቦታ ቀይ አፈር ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። በዚህ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚያርስና የሚሄድ ሰው፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት ቆዳውን ዘልቀው ይገቡና እግሩ ማበጥ ይጀምራል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ በሰፈር ዝሆኔ ነው። ተላላፊ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው የሚያልፍ ተሕዋስ የለበትም። በቀላሉ የሚጠቁ ቤተሰቦች ስላሉ ግን ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሲያብጥ ይታያል፤ ስለዚህ መንደሩ "ዘራቸው ነው"፣ "እርግማን አለባቸው" ይላል። ከዚያ ቤት ልጅ ለማግባት ያንገራግራል።

አንዲት ጎረቤታችን ይህ ሕመም አለባቸው። ገበያ ሲቀመጡ እግራቸውን አጥፈው በጋቢያቸው ይሸፍኑታል። ማታ ግን በራቸው ላይ ገበቴ ያስቀምጣሉ፣ ውኃ ይሞላሉ፣ በሳሙና ቀስ ብለው ያጥባሉ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ጣት መካከል ጨርቅ እያስገቡ ያደርቃሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ ካልሲ ያጠልቃሉ። ይህን አንድ ቀን አያስታጉሉም፤ ካስታጎሉ ያተኩሳቸዋል፣ እብጠቱም ይብሳል። የሱቅ ጫማ ስለማይገባቸው በልካቸው የተሠራ ጫማ ነው የሚያደርጉት። የሚያስፈልጋቸው ነገር ይህ ነው፤ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ጫማ፣ ትዕግሥት። ጫማ ከልጅነት ጀምሮ ቢደረግ ኖሮ ከነአካቴው የሚቀር ሕመም ነበር። እንዲህ ያለች ሴት እንደ ሰው ወጥታ ስትገባ በፊልም አይቼ አላውቅም። ክፉው ሰው እግሩ ተይዞ ሲቀጣ ግን በልጅ ልጆቻቸው ቴሌቪዥን ደጋግመው አይተዋል። ያን ሲያዩ ስለ ራሳቸው ምን ይሰማሉ?

ዐይንም እንዲሁ ነው። በፊልም ዐይን የሚጠፋው በለቅሶ ብዛት ወይም በዕጣ ፈንታ ነው። በእኛ አገር ግን ምክንያት አለው፣ ስምም አለው። ማዝ አለ፤ ትራኮማው የዐይን ቆብን ወደ ውስጥ ያጥፈውና ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ብሌኑን ይፍቀዋል። ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው አንዷ ለአንዷ ሽፋሽፍት የሚነቅሉ እናቶችን ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ሞራ ደግሞ አለ፤ በኢትዮጵያ ለዐይነ ስውርነት ግማሽ ለሚሆነው ምክንያት እሱ ነው፣ በአጭር ቀዶ ሕክምናም ይገፈፋል። እንግዲህ አስቡት፤ ሞራ የጋረደው አንድ አዛውንት ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ፣ ዐይን የሚበራው ልጅ ከውጭ ሲመለስና እናት ስታለቅስ እንደሆነ ይነገረዋል። ሐኪም ቤት በዚያ ታሪክ ውስጥ የለም። ልጆቹም ሐኪም ቤት መውሰድን አያስቡም፤ ዕድሜ ነው ይላሉ።

ፊልም ሠሪ ሐኪም ይሁን አልልም። ነገር ግን "ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም" የሚል ምሳሌ ያለበት አገር ሰዎች ነን። "ካረጁ አይበጁ" እንላለን። ይህን ንቀት ሳናውቀው ከአያቶቻችን ወርሰነዋል፤ ካሜራ የያዘ ሰው ሳይመረምረው ከደገመው ደግሞ በሙዚቃ ታጅቦ ይመለስልናል።

ካሜራው የት ቆመ?

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ተፈትቷል ማለት አይደለም። በአሜሪካ ፊልም ሁለት እጆቹን በወታደርነቱ ያጣው ሃሮልድ ራስል፣ እጆቹን ያጣ ከጦርነት ተመላሽ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1946 በአንድ ፊልም ተጫወተና ለዚያው ሚና ሁለት ኦስካር ተሰጠው። መስማት የተሳናት ማርሊ ማትሊን እ.ኤ.አ. በ1987 በምርጥ ተዋናይትነት ስትሸለም፣ ቀጥሎ መስማት የተሳነው ተዋናይ ትሮይ ኮትሱር እስኪሸለም 35 ዓመት አለፈ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ዐይነ ስውርን፣ ሽባን፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለውን ሰው ሆነው በመጫወት ብዙ ጤነኛ ተዋናዮች ተሸልመዋል። የኔታ በበትሩ ድምፅ የደረሱበት ነገር እዚያም አለ ማለት ነው።

ከእርጅና ፊልሞች ልቤን የነካው አንቶኒ ሆፕኪንስ በ83 ዓመቱ የተሸለመበት "ዘ ፋዘር" ነው። የመርሳት ሕመም የያዘው አባት ታሪክ ነው። እንደኛ ፊልም ቢሆን ካሜራው ከልጅቱ ጋር ቆሞ አባቷን እያየ ያዝን ነበር። እዚያ ግን ተመልካቹን አባትየው ውስጥ ነው የሚያስገባው፤ የቤቱ ዕቃ ሳይነገረን ይቀያየራል፣ ልጁ ናት ያልናት ሴት ሌላ ፊት ይዛ ትመጣለች፣ ትናንት የተባለው ዛሬ ይሆናል። ግራ የሚገባን እኛው ነን። ይቆጣል፣ ያሾፋል፣ ሰው ይሰድባል፣ ሰዓቴን ሰረቁኝ ይላል። አዛውንቱን ለማፍቀር ደግ መሆኑን መጠበቅ አላስፈለገንም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው። የፊልሙ ዋና ሰው አንበርብር ከጀርመን አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ ይመለሳል። ያ እግር የደረሰበትን ሁሉ ይዟል፤ ስደቱን፣ ዘረኝነቱን፣ የትውልዱን መከራ። ነገር ግን አንበርብር እግሩ ብቻ አይደለም። ምሁር ነው፣ ከወንድሙ ጋር ይጋጫል፣ ሴት ይወዳል፣ ያለፈውን ለማስታወስ ይታገላል። አካሉ ጎድሏል፤ ሰውነቱ ግን ሙሉ ነው። እናቱም የፊልም እናት ብቻ ሆነው አልቀሩም። ይህ በእኛው ቋንቋ፣ ከእኛው ሐይቅ ዳር ተሠርቷል፤ አይቻልም የሚለኝ ሰው ሲመጣ የምጠቅሰው እሱን ነው።

ደብተር ያላት ባልቴት

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ካለ ወላጅ ከቀሩ ልጆች ጋር በአንድ ላይ ጠርቶ፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳቸው ይላል። መልካም ነው፤ ሆኖም እዚያም ተረጂ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ግን አካል ጉዳተኛው ሥራ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የአውቶቡሱን ጥያቄ ይዤ ሳነበው ደስ ያለኝ እሱ ነው። ፊልም ሠሪዎቻችን ከሁለቱ የመጀመሪያውን ብቻ የሰሙ ይመስለኛል።

ድራማ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ። ግን አልጠፋም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ተመዝግቦ ደብተር ሲሰጥ፣ የባልና የሚስት ስም አብሮ ገብቷል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቷ የደከመ፣ ዐይኗ የፈዘዘ ባልቴት በሣጥኗ ውስጥ ደብተር አላት። መሬቱን ምርቱን ለሚካፈላት አራሽ በእኩል ትሰጣለች። የትኛው ልጅ ጧሪ ነው፣ የትኛው ለመሬቱ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ለማን ታውርስ፣ እኩል አራሹ ስንት ቁና ደበቀባት፤ ይህን ሁሉ ስታሰላ ታድራለች። ልጆቿ በበዓል ቀን ማር ይዘው የሚመጡት በናፍቆት ብቻ አይደለም። እሷም ታውቃለች። አንዱን በአንዱ ታስቀናለች፤ ለሁለቱም ተስፋ ትሰጣለች። ይህች ሴት ደግ ልትሆን ትችላለች፤ ተንኮለኛም ልትሆን ትችላለች። አቅም ግን አላት፤ የሚፈሯት ሰዎች አሉ። ቢቸናና ደጀን ባሉ የጤፍ መንደሮች ሁሉ ያለች ሴት ናት። በፊልም ግን ያለችው ደጃፍ ላይ ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክበብ ውስጥ አጫጭር ፊልም በስልካቸው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ድርሰታቸውን ሲያመጡልኝ አዛውንት ወይም አካል ጉዳተኛ ባለበት ሁሉ የማነሣቸው ጥያቄዎች አሉኝ። ሥራው ምንድን ነው? ምን ይፈልጋል? ከማን ጋር ተጣልቷል? እሱ ባይወስን ኖሮ የማይሆን ምን ነገር ተደረገ? መጀመሪያ ላይ ይሰለቻቸዋል፤ "መምህርት፣ እሳቸው እኮ አያት ናቸው" ይሉኛል። አያትነት ሥራ የሆነ ያህል።

አሁን በእጃቸው ያለው ድርሰት ዐይናቸው ስለፈዘዘ አንዲት አያት ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ አያቲቱ ልጃቸውን እየጠበቁ ይሞቱ ነበር፤ ዋሽንቱም ተጽፎ ነበር። በሁለተኛው አልሞቱም። ልጃቸው መሬቱን በስሜ አዙሪልኝ ሲላቸው እንቢ ይላሉ፤ እሱ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ እሳቸው በልጅ ልጃቸው ተመርተው ወረዳ ይሄዳሉ፤ በክርክሩ ይረታሉ። ጸሐፊዋ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ "በመጨረሻ ልጃቸውን ይቅር ይበሉት ወይስ አይበሉት?" ብላ ጠየቀችኝ። እሷ ትወስን አልኋት። እስካሁን አልወሰነችም፤ ክበቡም ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል።

ለአያቲቱ ሚና ልጆቹ አንዲት ወጣት ፀጉሯን በዱቄት አንጥተው ሊያቀርቡ ነበር። እንቢ አልኋቸው። ከተማው ውስጥ ዐይናቸው የፈዘዘ፣ ነገር አዋቂ የሆኑ፣ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ እናት አሉ። ልጆቹ ሄደው ሲጠይቋቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስንት እንደሚከፈላቸው ነው። ቀጥሎ የልጅየውን ሚና የሚጫወተው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሲነገራቸውም ያ ልጅ ከሳቸው ጋር ለመከራከር ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሌላ ፈልጉ አሉ። ልጆቹ ሌላ እየፈለጉ ነው።